ባዶ የቀሩት ክቦች

ግልፍተኛ ነኝ፤ ተማሪ ሳያስብ ሲመልስ ደሜ ይፈላል። ከጎጃም መጥቼ ቡታጅራ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ግምት የሚባል ነገር ግን እስካሁን ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ተማሪዎች አስተሳሰብ ሥልጠና ወሰድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከዚያ ያመጣሁትን አልለቅ አልኩ። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሦስት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ፤ ከዚያ ጥያቄ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ መልስ ምክንያት መጻፍ። ባዶ የተወ አይቀነስበትም። የገመተ ግን መልሱ ልክ ቢሆንም እቀንስበታለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከመስቃን ገጠር በእግራቸው የሚመጡትማ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄድ ነበር።

አንዲት ልጅ ግን ያዘችው። ፈተና ሲቀርብላት እየደነገጠች የምታውቀውን ሁሉ ትስት ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ረጋ ብላ ምክንያቷን ስትጽፍ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በርበሬ አምራች የሆኑት አባቷ አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጡ። "አሰላሙ ዓለይኩም መምህር" አሉና ቁርጡን ነገሩኝ፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ዓረብ አገር እህቷ ጋ ትሄዳለች።

"እሷስ ታልፋለች" አልኳቸው። እርግጠኛ ነበርኩ።

ተማሪዎቹ ብሔራዊ ፈተናውን ወልቂጤ ሄደው ተፈተኑ። ውጤት ሲመጣ ላላለፉት ለሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ለሪሚዲያል እንኳ ሁለት ነጥብ ጎደላት። ዓመቱን ሙሉ በክፍለ ጊዜዬ ሲያንቀላፋ የከረመው ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ቆሽቴ አረረ። የልጅቷ ቤት ድረስ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

"ምን ነካሽ? ደነገጥሽ እንዴ?"

"አልደነገጥኩም ቲቸር። እንዳሉን ተንፍሼ ነው የጀመርኩት። የሠራሁትን በደንብ ነው የሠራሁት።"

"ታዲያ?"

"ሰዓቱ አለቀ። ያልደረስኩባቸውን ተውኳቸው።"

"ዝም ብለሽ የሲን ክብ አታጠቁሪም ነበር?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ምክንያት ሳይኖረኝ?"

በኋላ እንደሰማሁት ያ እንቅልፋም ልጅ ያልደረሰበትን ሁሉ አንድ ወጥ ሲ አጥቁሮ ነው የወጣው። እሷ ግን ያን ሁሉ ክብ ባዶውን ትታ ወረቀቷን አስረከበች። የእኔ ፈተና ሌላ፣ የገመተ የማይቀነስበት የመንግሥት ፈተና ሌላ መሆኑን ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? በእጄ ነው የጣልኳት።

ይህን ለአባቷ ልናገር አስቤ ነበር። እሳቸው ግን "አላህ ያላለው አይሆንም፤ አንተ ደግሞ የቻልከውን አድርገሃል" ብለው እጄን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ አመሰገኑኝም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ልጅቷ በመስከረም ሄደች።

ዘንድሮ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳቸው ፊዚክስ አይደለም። "ሰዓት ሲያልቅባችሁ የቀረውን በሙሉ ሲ አጥቁሩ" አልኳቸው። ሁሉም ጸጥ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ምክሩ ይጠቅማቸዋል፤ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።