ሆላንድን የወሰድኩበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ አንድ አገር ሙሉ የግሌ ነበር። ጎንደርን ማለቴ አይደለም፤ ጎንደር የሁላችንም ነበረች። እኔ የያዝኩት ሆላንድን ነው፤ ከነላሞቹ፣ ከነባሕሩ፣ በር ላይ ቆማ የልጅ ልጇን ከምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ጋር። ዛሬም ሳስበው የሚያናድደኝ አገሩን መውሰዴ ሳይሆን አወሳሰዴ ነው።

ያኔ ከአራዳ ወረድ ብሎ ወደ ቀሐ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤቶች ነበሩ። በጓሮው ቤት እኛ እንኖራለን፤ የፊቱን እማዬ ለአንድ የሚስዮናውያን ቤተሰብ አከራይታው ነበር። አባትየው ሳምንቱን ሙሉ ገጠር ለገጠር ስለሚዞር አናየውም ማለት ይቻላል። እናትየዋ፣ ቲቸር አኒካ፣ ሳሎኗን ክፍል አድርጋ የሰፈሩን ሕፃናት ታስተምር ነበር። አንድ ልጃቸው ፒተር ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ስምንት። የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነበር፤ መዘዙ የመጣውም ከዚሁ ከማመኑ ነው። እኔ ደግሞ ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ስም ሲያወጡልኝ ምን እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያ ክረምት የእማዬ አባት እኛ ዘንድ ነበሩ። አባባ ከመካነ ብርሃን የመጡት የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ነው። አገራቸው ላይ መሪጌታ ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የሐኪም ቤት ተራቸው «የሚቀጥለው ሳምንት»፣ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ክረምቱ ገባ፤ መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉት የኔታም ያላቸውን ሁሉ ለእኛ ለልጆች ማውራት ጀመሩ። አመሻሽ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ይጠፋል፤ እማዬ ኩራዙን ትለኩሳለች፤ ቤቱ በላምባ ሽታና በእርጥብ ከሰል ጭስ ይታፈናል፤ አባባ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ከማንደጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። ፍሙን አያዩትም፤ ሙቀቱን እየተከተሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ እንጂ። ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር ተረቱን አብቅተው ወደ እንቆቅልሽ ይሻገራሉ።

የእንቆቅልሹ ሕግ አንድ ነው። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። የተቀበለው አገሩን ይዞ እንዳሻው ይፎክራል፣ የተሸነፈውንም ከደጅ አቁሞ እንዳሻው ያላግጥበታል። ማንም አይቆጣም፤ ነገ ደግሞ የሌላው ተራ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ የተወለድን አይመስለኝም።

ቲቸር አኒካ ግን ከየት ታውቀዋለች? አንድ ቀን ጠዋት ትልቅ የሥዕል ካርድ አንሥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለችን። ኮፍያ ያደረገ፣ አፍንጫው ካሮት የሆነ ነጭ ሰው ነበር። በረዶ የምናውቀው ከሰማይ ወርዶ ጣሪያ ሲያስጮህ ነው፤ ሰው ሆኖ ኮፍያ ሲያደርግ አይተን አናውቅም። ሃያ ልጅ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ ተነሥቶ በአክብሮት «ደብረ ታቦርን ሰጥቼሻለሁ» አላት። ካርዱን ገልብጣ አየችው። የነፋስ ወፍጮ ስታሳየን ደግሞ ባሕር ዳርን ሰጠናት። ሳምንቱ ሳያልቅ ከደባርቅ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው አገር ሁሉ የእሷ ሆኖ ነበር፤ እሷ ግን ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ከተማ አልጠየቅኩም! ከተማ አልፈልግም!» ብላ ጮኸች። እማዬ ነገሩን ብታስረዳትም አልለዘበችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ እንቆቅልሽ የሚባል ነገር አይነሣም ተባለ።

ፒተር ግን ማታ ማታ በዝናብ ቦቲው እየተንቦጫረቀ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ራት አልበላም ብሎ ከእናቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኛ ቤት የሰጡትን ይበላል። አባባ መጀመሪያ ላይ ስለ ቤተሰቡ ሲነገራቸው «ሊያስተምሩን ነው የመጡት? ምነው፣ ከእኛ ቀድመው ወንጌል ሰምተው ነው?» ብለው ነበር። ልጁ አጠገባቸው ሲቀመጥና የጋቢያቸውን ጠርዝ ሲይዝ ግን «ጴጥሮስ፣ መጣህ?» ይሉና ግማሹን ያለብሱታል። ያ ግማሽ ጋቢ የእኔ ነበር።

እንቆቅልሽ ስጠይቀው አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። ያም ይሁን። የሚያበሽቀኝ የሚሰጠኝ አገር ነው። ከክፍል ከሰማቸው ከተሞች ትዝ የምትለው ደብረ ታቦር ብቻ ስለሆነች ሁልጊዜ ደብረ ታቦርን ይሰጠኛል። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተረከብኳት። ዐሥራ አንድ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ ምን ተብሎ ይፎከራል? አንድ ማታ አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ሲያሸልቡ፣ እማዬም ወጥ ቤት ሳለች ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሌላ አገር የለህም እንዴ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ጎንደር» አለኝ።

«ጎንደር የኛ ነው! አንተ የት አባትህ ታውቀውና ነው የምትሰጠኝ? ያንተን ስጥ!»

ዓይኑን ፍሙ ላይ ተከለ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ሆላንድ» አለ።

ማንም ልጅ ያላገኘው አገር! ዘልዬ ተነሣሁ። «ሆላንድ ገብቼ ምን አጥቼ! ወተቱ በጋን፣ ቅቤው በቅል፣ ጥቁርና ነጭ ላሞቹ በደጄ! ፒተር ግን ከበር ቆሞ በዝናብ ይበሰብሳል!» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ፎቶዋን ለሁላችን ያሳየን፣ ኦማ እያለ የሚጠራት አያቱ ትዝ አለችኝና አላቆምኩም። «ኦማም የኔ ሆነች! ፒተር መጥቶ ሲያንኳኳ ኦማ በሩን ከፈተችና 'የማን ልጅ ነህ? አላውቅህም' አለችው!» ብዬ ጨረስኩ። በፉከራዬ በጣም ኮራሁ። እሱ ከጋቢው ሥር ወጣ፣ ቦቲውን የግራውን በቀኝ የቀኙን በግራ አጠለቀና በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

እሑድ እሑድ አያቱ ከሆላንድ ስልክ ትደውል ነበር። በዚያ እሑድ ስልኩ ሲጮህ ፒተር አልጋ ሥር ገባ። ቢጠሩት አልወጣም፤ ቢጎትቱት የአልጋውን እግር ይዞ ቀረ። አኒካ እኛ ቤት ስትገባ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር።

«ኦማ አታውቀኝም ይላል። ኦማ የትዕግሥት ናት ይላል። እናቴ በስልክ ታለቅሳለች!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አገሩን መልሺ! አሁን መልሺ!»

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ከማልቀሴ በፊት አባባ «ምን ብለሽ ነው የፎከርሽ?» አሉኝ። እያንዳንዷን ቃል አስደገሙኝ። ኦማ ጋ ስደርስ ድምፄ ሳላውቀው ቀነሰ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን ወደ አኒካ መለሱ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በጨዋታ የሄደ ነው፤ በጨዋታ ይመለስ» አሉ። «ልጁ እንቆቅልሽ ይጠይቃት። ካቃታት ትመልስለታለች።»

«የኔታ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ብቻ ነው!» አለች አኒካ፤ ተስፋ ቆርጣ እጇን እያወናጨፈች። «ጨዋታ ነው ብዬ ነገርኩት!»

«ታዲያ ልጁ ሰማሽ?»

አልሰማትም። ያንን ራሷም ታውቀዋለች።

«እንግዲያው ባመነበት መንገድ እንመልስለት። ምነው፣ አንድ እንቆቅልሽ ፈልጎ ማስያዝ ለአስተማሪ ይከብዳል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሲስቅበት ከረመ። እንቆቅልሽ ከክፍሏ ያባረረችው ቲቸር አኒካ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወተት ከምታመጣልን ሴትዮ፣ ከጎረቤት ዘበኛ፣ ከጉሊት ሽንኩርት ሻጮች እንቆቅልሽ ስትለቅም ዋለች። ማታ ከማንደጃው ዙሪያ በርጩማ ላይ ጉልበቷ አገጯ እስኪደርስ ተጣጥፋ ትቀመጥና የጻፈችውን በፒተር ጆሮ ታንሾካሹክለታለች። እሱ ከፍ ባለ ድምፅ ይጠይቀኛል።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ቀን ሲዞር ይውላል፣ ማታ ደጅ...»

«ጫማ!»

እማዬ ከኋላ ትቆነጥጠኛለች። «ዛሬ አላወቅሁም ትያለሽ» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? የሰፈራችንን እንቆቅልሽ ከሰፈራችን ሰው ለቅማ ለእኔ ስታመጣው አፌ ይቀድመኛል። አራት ማታ እንዲህ አለፈ። አኒካ ደብተሩን ጨረሰች፤ እማዬ እጇ ደከማት፤ ፒተር በየማታው እየመነመነ የሄደ መሰለኝ። እኔም በሁሉም ተናደድኩ። በአባባ ሕግ ተናደድኩ፣ በአኒካ ደብተር ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ አንዴ እንኳ የማላውቀው ነገር ይዞ መምጣት ባልቻለው በፒተር ተናደድኩ። ይህን የሚያህል አገር ይዤ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

በአምስተኛው ማታ አኒካ ደብተር አልያዘችም። ልታንሾካሹክለት ስትጠጋ ፒተር በእጁ ገፋት። የአባባን ጋቢ ያዘና ወደ እኔ ሳያይ «እንቆቅልሽ» አለ።

«ምን አውቅልህ።»

«አንቺ ሁለት አለሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ። «የኔታ አንድ አላቸው። ውሻው እንኳ አንድ አለው። እኔ የለኝም።»

እማዬ «ዓይን...» ብላ ጀመረችና ወደ አባባ አይታ አፏን ያዘች። አኒካ ግራ ተጋብታ ሁላችንንም ታያለች። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ይሰማል። ውሻችን በሩ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የጎንደር ውሻ፣ ከጎንደር ወጥቶ የማያውቅ።

እኔ ገና ሳይጨርሰው ነው ያወቅሁት። ጎንደር አለኝ፣ ሆላንድ አለኝ። አባባ መካነ ብርሃን አላቸው። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ እንደ ጫማው፣ እንደ ሌላው ሁሉ ልተፋው ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ቀና ስል ፒተር አየኝ። ያ ልጅ እንቆቅልሽ አልነበረም የጠየቀኝ። ያደረግሁትን ነበር የነገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አላወቅሁም» አልኩ።

ፒተር የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «አገር ስጪኝ» አለ።

«ሆላንድን ሰጠሁህ።»

ብድግ አለ። ፉከራውን ከእኔ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ነበር። «ሆላንድ ገብቼ ምን አጥቼ! ወተቱ በጋን! ላሞቹ በደጄ! ትዕግሥት ከበር ቆማ...» አለና ቆመ። የሚያስከትለውን ጠበቅኩ። የፈለገውን ቢለኝ ይገባኝ ነበር፤ በዝናብ ቢያበሰብሰኝም፣ ለውሻ ቢሰጠኝም። ፒተር ግን ትንሽ አሰበና «ኦማ መጣች፣ ግቢ አለቻት፣ ወተት ሰጠቻት» ብሎ ተቀመጠ።

«እንዲህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩበት፤ እንባዬ ይወርዳል። «ማስገባት የለም! አበላሸኸው!» አኒካ አቅፋው ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፣ አልለየሁትም። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ሲጮህ ግቢውን አቋርጦ ሲሮጥ ቦቲው አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

አገሩን በመለስኩበት ማታ ሁሉም ሲሄዱ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉና ያዙኝ። ያ ሁሉ ሞራ የጋረደው ዓይን የት እንደሚያይ እንጃ፣ «ሸጋ አድርገሽ አላወቅሽም፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። በጥቅምት የዓይናቸው ሞራ ተገፍፎላቸው ወደ መካነ ብርሃን ተመለሱ። ቤተሰቡም ሁለት ክረምት ኖሮ አገሩ ገባ፤ ለፒተር ማወቄን ሳልነግረው ቀረሁ።

አሁን እኔም እዚሁ ጎንደር ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ ቲቸር አኒካ ካርድ ስትወረውር ምን እንደተሰማት በየቀኑ እየገባኝ ነው። ጥያቄ ስጠይቅ ከተማ የሚሰጡኝ ዛሬም አሉ። አምና ቤተሰቧ ቀዬውን ጥሎ የመጣ አንዲት ልጅ ክፍሌ ገባች። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበው እንቆቅልሽ ጠየቋት፤ አላወቀችም። «አገር ስጪ! አገር ስጪ!» ሲሏት መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ እነሱ ግን ይባስ ጮሁ። ደሜ ፈላ። ሁሉንም በጥፊ ላጠናግር ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ያ ፍም፣ ያ ላምባ፣ ያ ግማሽ ጋቢ ትዝ አለኝና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እኔን ጠይቂኝ» አልኳት።

ቆየችና ሁሉን አልብሳ እሷ ራቁቷን ስለምትኖረው ጠየቀችኝ። መርፌ መሆኗን የማያውቅ ልጅ በጎንደር የለም። ሃያው ሁሉ እጁን አውጥቶ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» ይላል።

«አላወቅሁም» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «አገር ስጪኝ» አለች።

ያኔ ከፒተር አፍ የነጠቅሁትን፣ የኛ ነው ብዬ የከለከልኩትን ጎንደርን ሰጠኋት።