ኪሎ ጥቁር አዝሙድ

ደሴ ስወጣ ቅመም ተራ ሳልደርስ አልመለስም። ዛሬም ባለሱቋ ጥቁር አዝሙድ መዳፌ ላይ በተን አደረገችልኝ፤ አሸት አድርጌ ሳሸተው ልጅነቴ መጣብኝ።

ኮምቦልቻ ሳለን አባቴ ታሞ እህል አልቀምስም ካለ ሰንብቶ ነበር። እህቱ ከሐርቡ ደርሳ ወጥ ጣደች፤ እኔን ጥቁር አዝሙድ አስወቀጠችኝ።

«አክስቴ፣ ይበላ ይሆን?» አልኳት።

«መዓዛው ይድረሰው እንጂ፣ ኢንሻ አላህ ራሱ ይጠራናል» አለች።

የወቀጥኩትን ወጡ ላይ ስትነሰንሰው ቤቱ ታወደ። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ወዲያው ከመኝታ ቤት የአባቴ ድምፅ ተሰማ፤ «ኧረ ምሳ አልደረሰም?»

አክስቴ ማማሰያውን እንደያዘች አቀፈችኝ፤ እየሳቅን አለቀስን።

«ሩብ ይበቃሻል?» አለች ባለሱቋ።

«ኪሎ አድርጊልኝ» አልኳት፤ ማን እንደሚበላው ገና አላሰብኩም።