የአስተማሪው ኮት

ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ላይ ምስር የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ከኩልመስክ ነው የምትመጣው ይላሉ እንጂ ስሟን የሚያውቅ የለም። ቀሚሷ ላይ ሰፊ የወንድ ኮት ትደርባለች፤ ምስር ስትሰፍር እጅጌውን ወደ ላይ ትጠቀልላለች። ኪሱን ጠመኔ ነክቶታል፤ አታጥበውም።

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ወለተ ሐና የኮቱን ነገር ከሰው ሰምታለች። የምስር ሻጯ ባል አስተማሪ ነበር። ሚስቱ ስትታመምበት ሕፃኑን አዝሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር አሉ፤ ሰው «ወንድ ያዝላል?» ብሎ ቢስቅበትም ደንታ አልነበረውም። በኋላ ደርግ ገደለው። «ለፀረ አብዮት አይለቀስም» ተባለና ሬሳውንም ከለከሏት። በላስታ ደንብ የሟች ልብስ ልቅሶ ሜዳ ወጥቶ ሙሾ ይወርድበታል። እሷም ሜዳውን ቢነፍጓት ኮቱን ለብሳ ገበያ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ ከፊቷ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አውልቂው! ልቅሶ ክልክል ነው አልተባልሽም?»

«ተብያለሁ፣ ወንድሜ። እንዳይበርደኝም ከለከላችሁ እንዴ?»

ገበያተኛው ሳቀ። ጥበቃው ንድድ ብሎት ኮሌታውን ጨመደደው። ሴትዮዋ አልተነሣችም።

«የልጆቼን አባት ነው የያዝኸው። በል፣ ደግመህ ግደለው!»

ወለተ ሐና ነጠላዋን ገፈፈችና ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ጥለቱን ዘቅዝቃ ለበሰች። በርበሬ ሻጯም ዘቀዘቀች። ከዚያ ጌሾ ተራው፣ ጨው ተራው፣ ሴቱ ሁሉ ዘቀዘቀ።

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየ። የማንን ያስወልቅ?