የጋሼ መኮንን ግንባር

ጋሼ መኮንን የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሳክስፎን ሲነፉ ነው ያረጁት። አምና አንድ የቶኪዮ ጃዝ ክለብ ለአራት ምሽት ሲጠራቸው፣ ከሥራ ኦፍ ወስጄ ዕቃቸውን ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ።

የመጀመሪያው ምሽት ቤቱ ጢም ብሏል፤ ግን ኮሽታ የለም። ጋሼ አንጀት በሚበላ ትዝታ ሲያንቆረቁሩት አንድ የሚሸልም ሰው ይጥፋ? ደሜ ፈላ! እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ሠርግ ላይ እንደለመድኩት ዘልዬ መድረክ ወጣሁና ሃያ ዶላር ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ። ሰዉ ሁሉ ክው አለ። የክለቡ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ክንዴን ይዘው ወደ ወንበሬ መለሱኝና ምን ማድረጌ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«በእኛ ዘንድ ልብ የነካ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው» አልኳቸው።

«አዋረድከኝ እኮ አንተ ልጅ!» አሉኝ ጋሼ ሆቴል ስንገባ።

በማግሥቱ ጥጌን ይዤ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ዜማው ሲያልቅ ቀና ብል፣ የክለቡ ባለቤት አዲስ የአገራቸውን ገንዘብ፣ የን፣ በሁለት እጃቸው ይዘው መድረኩ ላይ ቆመዋል። እጅ ነሥተው የጋሼ ግንባር ላይ ለጠፉት። ጋሼም አጎንብሰው እጅ ሲነሡ የኑ ወደቀ። ሰውየው አንሥተው እንደገና ለጠፉት።

ጋሼ ከዚያ ወዲያ አላጎነበሱም። ላባቸውን ሳይጠርጉ ግንባራቸውን ቀና አድርገው ቆሙ፤ የን ይዞ ሊሸልም የተሰለፈው ሰው በሩ ድረስ ደርሶ ነበር።