አባቴ ሳይለካ የሰጠው ጎማ

ባሌ በመነጽር ቤት መስታወት የሚሞርድ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት ሲያስተካክል ይውልና ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ መኪናው ሥር ይገባል። እጮኛሞች ሳለን ከፊቱ ይልቅ እግሩን ነበር በብዛት የማየው። መኪናዋ ላያት ተራ የቤት አውቶሞቢል ትመስላለች። ሞተሯ ግን ቱርቦ አለው፤ አራቱም ጎማዋ ይገፋል። እሱ ደግሞ ቱርቦውን በትልቅ ቀይሮ፣ ሞላውን አጠንክሮ፣ ማርሚታውን አስፍቶ ሰፈር የምትቀሰቅስ ጉድ አደረጋት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። መጀመሪያ የተሳፈረ ቀን ባሌ ችሎታውን ሊያሳይ ብሎ እስከ ጥጉ ነዳጅ ሰጣት። ጉብታው ላይ የአባቴ ባርኔጣ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ተጨፈለቀ። ወርዶ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌን "ያ ሹፌር" ከማለት በቀር በሌላ አልጠራውም። እኔ በሁለቱ መሃል አርሬ ኖርኩ።

ባለፈው ወር ስለታም ብረት አንዱን ጎማ ጎኑን ተረተረውና መኪናዋ ክሪክ ላይ ቀረች። አባቴ ይህን ሰምቶ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ጎማ እያንከባለለ ከች አለ።

"እንካ፤ ልጄን በእግሯ አታስኪዳት።"

እንባዬ መጣ። የባሌ ፊት ግን አመድ መሰለ። አባቴ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ጥግ ይዞኝ አንሾካሾከ።

"አይሆንም እኮ! ሦስቱ ያለቁ ናቸው፣ ይሄ አዲስ ነው። አራቱ እኩል ካልሆኑ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ይቃጠላል።"

"እኔ ሁለት ዓመት ስቃጠል የት ነበርክ? ዝም ብለህ ግጠም!"

ገጠመ። አባቴን አሳፍሮ ሲነዳ ለዲፈረንሻሉ ሳስቶ እየተንቀረፈፈ ነበር፤ ብስክሌት የሚገፉ ሽማግሌ ቀደሙን። አባቴ ደስታውን አልቻለውም። "አየሽ? ሰው ሆነ!" እያለ ወደ ኋላ ዞሮ ይነግረኛል። በማግስቱም ስፌት ቤት አድርሰኝ አለ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

በአራተኛው ቀን ከመኪናዋ ሆድ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ባሌ ዳር ይዞ አቆመ፤ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው።

"ቀስ ብለህ የነዳኸው ለኔ ብለህ አልነበረም?"

"ለ... ለዲፈረንሻሉ ነው፣ አባባ።"

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። አለቀልን፣ በእግሩ ሊሄድ ነው ስል ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተንበረከከ። አራቱንም ጎማ ከመሬት እስከ አናታቸው ለካ።

"አንድ እግሩ የረዘመ ሱሪ ነው የሰፋሁልህ" አለ ጉልበቱን እያራገፈ። "አርባ ዓመት ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ለገዛ አማቼ ሳልለካ ሰጠሁ!"

አማቼ ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ። ባሌም ሰምቷል፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሁለቱ ተያይዘው ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ሄዱ። አባቴ እየለካ ከሦስቱ ጋር እኩል ያለቀ ጎማ መረጠ፤ አዲሱ ለመጠባበቂያ ስኮርታ ሆኖ ተቀመጠ። ባሌ የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀየረና ደግመን ተሳፈርን። አሁንም መኪናዋ ታዘግማለች።

"ጎማዎቹ ልክ አይደሉም እንዴ?" አለ አባቴ።

"ልክ ናቸው፣ አባባ።"

"ታዲያ ምን ያንቀረፍፍሃል?"

"አሁንማ ለእርስዎ ብዬ ነው።"

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"እስቲ ነዳጅ ስጣት" አለ።