የመጀመሪያዋ ቁንጥር ዱቄት

ጄሪካኑን ያመጣው የጋራዣችን ባለቤት ነው። ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ሞተር የምናጥበው በናፍጣ ነበር፤ አንድ ሳፋ፣ አንድ ብሩሽ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ በቃ። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሃያ ሊትር ቢጫ ፈሳሽ ይዞ መጣና ድንጋይ የሆነ ግራሶ እንኳ የሚያቀልጥ ቅባት ማጥፊያ ነው አለን። ሌሎቹ መካኒኮች አሽትተውት ወደ ናፍጣቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ነገር ካልነካካሁ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። በሰፈራ ከወሎ የመጣችው እናቴ ገና በልጅነቴ «ይቺ ልጅ የእባብ ጉድጓድ ካየች እጇን ሳትከት አትመለስም» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የዓመታት ግራሶ የጠገበ ማርሽ ላይ ጠብ አደረግኩበት። ግራሶው እያየሁት ተንሸራቶ ወረደ። ወይ ጉድ! ደስ ብሎኝ የአሉሚኒየም ክዳን ላይ ሞከርኩት፤ አረፋ ደፈቀና ክዳኑ ጠቆረ። በብረት የሚሠራው በአሉሚኒየም እንደማይሠራ በዚያ አወቅሁ። ቀጥሎ በጣቴ ነካሁት። እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ሙልጭልጩ የገዛ ቆዳዬ እየሟሟ መሆኑ የገባኝ ማቃጠል ሲጀምር ነው። ያኔ ነው ጽሑፉን ማንበብ ትዝ ያለኝ፤ እንደኔ ያለ ሰው መመሪያ የሚያነብበው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጓንት አድርጉ ይላል፣ መነጽር አድርጉ ይላል፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትንኩ ይላል፤ ስትበርዙ ፈሳሹን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ፈሳሹ አትጨምሩ፣ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል ይላል። ሁሉንም አጠናሁት። ሰው በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ቅጂልን ሲለኝ እንኳ ውኃ መስሎት የሚጠጣው አይጠፋም ብዬ እከለክል ነበር። በዚያ ሰሞን ስለዚህ ፈሳሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወፍጮ ያላቸው አንዲት የበርታ እናት የደወሉልኝ ያኔ ነው። መንደራቸው ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። መብራት መጣ ሄደ ስለሚል የናፍጣ ሞተራቸውን አልጣሉትም፤ እሱ ደግሞ ሲሠራ እየጋለ ቀጥ ማለት ጀምሯል። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ለሳቸው ሰው ሁሉ «አንተ» ነው። እኔንም አንተ ይሉኛል፤ ቱታዬን አይተው ይሁን ለምደውት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ሞተሩ የት እንደሚያፈስ ማየት አይቻልም ነበር። ዘይትና ዱቄት ተቦክቶ ከላዩ ላይ ደርቋል፤ ቢላ ቢሰኩበት ይቆማል። ያልታጠበ ሞተር ሁሉ ቦታው የሚያፈስ ይመስላል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፣ አየር የሚስብበትን በፌስታል አሰርኩ፣ በርዤ ከታች ወደ ላይ እየቀባሁ በብሩሽ ፈተግሁት። ቆሻሻውን በቦይ አውጥቼ ከምንጭ ርቄ በቆፈርኩት ጉድጓድ አስገባሁ። ብረቱ የድሮ አረንጓዴ ቀለሙን ሲያሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ። ጥፋቱም ታየ፤ በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ አንድ ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ያ ብቻ።

እኔ ሞተሩን ሳጥብ እሳቸው ድንጋያቸውን ይወቅሩ ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እንደገና በመዶሻ ይወቀራል። በተወቀረ ማግስት መጀመሪያ የሚፈጨው የሰው እህል አይደለም፤ ፉርሽካ ነው፣ የድንጋዩን ብናኝ ጠርጎ እንዲወጣ። ቀጥሎ ሁለት ጣሳ የራሳቸው ማሽላ ይገባል። ከሚወጣው ዱቄት ቁንጥር አድርገው በምላሳቸው ያስቀምጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አሸዋ ካለው እንደገና ይፈጫሉ። ከሌለው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ያን ጊዜ ሰልፍ ይዘው የቆሙት ሴቶች እህላቸውን ያወርዳሉ። እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም አያስፈጭም። ምላሳቸው ምኑን ከምን እንደሚለይ ለማወቅ ጓጉቼ ስጠይቃቸው፣ ድንጋይ ይጮሃል፣ ማሽላ ዝም ይላል አሉኝ።

ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲፈስ ሰጋቱራ እንበትንበታለን። ወፍጮ ቤት ሰጋቱራ የለም፤ ያለው ፉርሽካ ነው። የመጨረሻው እጣቢ ወለሉ ላይ ስለቀረ ፉርሽካ በተንኩበት፤ ጠጣልኝ። በዚያ ሙቀት ወዲያው ደረቀ። ጠርጌ በጆንያ ከተትኩና በር ላይ አስደግፌ፣ ነገ እቀብረዋለሁ ብዬ ጓርኒሲዮን ፍለጋ አሶሳ ተመለስኩ። እቀብረዋለሁ ያልኩት ለራሴ ነው። ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ጓርኒሲዮኑን ገጠምኩ፣ ሞተሩ ተነሳ። እንዴት ያለ ድምፅ! ይግላል አይግልም ብዬ መዳፌን ጎኑ ላይ አድርጌ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፣ ጀርባዬን ለወፍጮው አዙሬ ቆምኩ። ዘወር ስል በር ላይ የተውኩት ጆንያ ባዶውን ወለል ላይ ወድቋል፤ ማሽላውም ተከትሎ ተፈጭቷል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጣታቸው አፋቸው ውስጥ ነው።

ክው አልኩ። «ይትፉት!» ብዬ ጮህኩና የውኃ ባልዲ አንስቼ ሮጥኩ። ተጉመጥምጠው ይተፋሉ፣ እንደገና እሰጣለሁ። ሰልፍ ከያዙት አንዷ በጣቷ ልታስመልሳቸው ስትቀርብ ከለከልኳት፤ ሲወርድ ያቃጠለ ሲመለስም ያቃጥላል። ከዚያ ባጃጅ ተሳፍረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ጉሮሯቸው ተረፈ። ምላሳቸው ግን ነጭ ሆኖ ተላጠ፤ ጣዕሙ መቼ እንደሚመለስ ሐኪሙም አላወቀም። በመንገድ ላይ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፉርሽካ በር ላይ ነበረ። ለድንጋይ ነው ብዬ አሰብኩ።» ሌላ ምን ሊያስቡ? በዚያ ቤት በር ላይ የቆመ ፉርሽካ ሌላ ሥራ የለውም። ለስንቱ ጠርሙስ የለፈለፍኩ ሰው ለአንድ ጆንያ አፌን መክፈት አቃተኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። እፍረቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ወፍጮው ቆመ። ሴቶቹ ማሽላቸውን ተሸክመው እስከ ሌላው መንደር በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። የሄደ ደንበኛ ላይመለስ ይችላል፤ እሳቸው ደግሞ ከዚህ ወፍጮ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ድንጋዮቹን አወረድኩ። ሦስት ጊዜ አጠብኳቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፣ መልሼ ገጠምኩ። የተበከለውን ዱቄት ዶሮ በማይጭረው ጥልቅ ጉድጓድ ቀበርኩ። በአምስተኛው ቀን ሞተሩን አስነስተን በንጹሕ ፉርሽካ ጠረግን፣ ሁለት ጣሳ ማሽላ ጨመርን። ወሬውን የሰሙ ሴቶች እህላቸውን ሳያወርዱ ከበው ቆሙ።

እሳቸው ምላሳቸው ገና ነው። ዱቄቱን ቆነጠሩና ወደኔ ዘረጉት።

«አንተ ቅመስ።»

«ሦስቴ አጥቤዋለሁ እኮ፣ እናቴ።»

«ቅመስ።»

ተቀበልኩ። ወደ አፌ አነሳሁት፤ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ እጄ ቀጥ አለ። ልግፋው ብል እምቢ አለ። ያ ሁሉ ሴት ያየኛል። እሳቸው ምንም አልተቆጡም፤ «ኸላስ፣ በቃ» አሉና ሞተሩን እንዳጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ሴቶቹም ሸክማቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብቻዬን ስቀር ግን ያ የማይተወኝ ጥያቄ መጣ። እጄ ለምን ቆመ? ምን አውቆ ነው? ወፍጮውን እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈታሁት። ዱቄት የሚወርድበት ላሜራ በተጣጠፈበት ስፌት ውስጥ ያ ፉርሽካ ተጠቅጥቆ ነበር። ውኃ ጠብ አድርጌ በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ ያሙለጨልጫል። ድንጋይ ድንጋዩን ሳጥብ እሱን አልፈታሁትም፤ አቧራ መስሎኝ በጨርቅ አልፌዋለሁ። እጄ ይህን አውቆ አልነበረም፤ እኔ በልቤ ያላመንኩትን ሥራ ብቻ ነው ያወቀው።

ላሜራውን ጥዬ አዲስ አሠራሁ። ሌላውን ሁለት ቀን ሙሉ አጠብኩ። ሦስቴ አራቴ ብዬ መቁጠሩን ተውኩ፤ ከእያንዳንዷ ስንጥቅ የሚወርደውን ውኃ በጣቴ እያሸሁ፣ ሙልጭልጩ ጠፍቶ ጣቴ በጣቴ ላይ እስኪይዝ ድረስ ነው ያጠብኩት። የፊተኛውን የማሽላ ዱቄትም ሳልሳሳ ቀበርኩ።

በስምንተኛው ቀን የመጡት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ፉርሽካው ወጣ፣ ማሽላው ወጣ። እሳቸው እስኪዘረጉልኝ አልጠበቅሁም። ራሴ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግኩና እንደሳቸው ዓይኔን ጨፈንኩ። የማሽላ ጣዕም፣ ለብ ያለ፤ አያቃጥልም። ከዚያ ጥርሴ መሃል አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አሸዋ አለው» አልኩ፤ እንባዬ ለምን እንደመጣ አላውቅም።

ምላሳቸው ከታመመ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ዱቄቱን ከእጄ ላይ ቆነጠሩና ወደ አፋቸው እያስጠጉ፣ «አሸዋ ለኔ ተወው» አሉኝ። «ጥርሴ አልተቃጠለም።»