የለይኩን አክስት

ለይኩን ጅማ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ፋይል ሲያገላብጥ፣ ቦርጩ ቀድሞት ጠረጴዛው ጋ ደርሷል። ከደብረ ብርሃን ሲመጣ "ለሁለት ዓመት ነው" ብሎ ነበር፤ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ግን የሚመለስበት ሰው የለውም። ምሳው ሽሮ፣ እራቱ የምሳው ትራፊ፣ ጓደኛው ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ።

አምና እግሩ ይደነዝዘው ጀመርና ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። "መድኃኒትዎን ይውሰዱ፣ ጣፋጭ ይተዉ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ አለዚያ እግርዎን ሊያጡት ይችላሉ" አለው ሐኪሙ። ለይኩን ፈራ። ከማግስቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከሚኖርበት ሰፈር ከጊንጆ ጉዱሩ ተነስቶ የጅሬንን ዳገት ይወጣ ጀመር።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አዴ ዙሀራ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ደጃቸውን ሲጠርጉ የማያዩት አላፊ አግዳሚ የለም።

"ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው በጠዋቱ?" አሉት በሦስተኛው ቀን።

"የትም" ማለት ነበረበት። ግን የትም የማይደርስ፣ ማንም የማይጠብቀው የአርባ አምስት ዓመት ሰው መሆኑን ለማያውቃቸው ሴት መናገር አሳፈረው። "አክስቴ ታማብኝ፣ ልጠይቃት ነው" አለ።

ያቺ የሌለች አክስት ጉድ አፈላች። አዴ ዙሀራ ባዶ እጁን አዩና "ያ ረቢ! ታማሚ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ?" ብለው በማር የጣፈጠ አጥሚት በፔርሙስ አስያዙት። በማግስቱም፣ በሰልስቱም እንዲሁ። ለይኩን መታጠፊያው ጋ ካለው አጥር ጀርባ ቆሞ ይጠጣዋል። መድፋቱ ነውር መሰለው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ለእሱ ብሎ እሳት ያነደደ ሰው አልነበረም። አሁንም ለእሱ አይደለም፤ ለአክስቱ ነው።

በወሩ ሲለካ ስኳሩ ከፊተኛው ብሶ ተገኘ። "እየተራመዱ እንዲህ?" አለች ነርሷ ጊፍቲ ግራ ገብቷት። ለይኩን ምክንያቱ ጠፍቶት አይደለም። መንገድ ልቀይር ይሆን ብሎ አሰበና ተወው። በዚህ ሁሉ ከተማ ወዴት ትሄዳለህ ብለው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ባዶውን ፔርሙስ መለሰላቸው።

"አዴ፣ አክስት የለኝም" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "ታማሚው እኔ ነኝ። ስኳር አለብኝ። የምመጣውም ሐኪሙ ተራመድ ስላለኝ ነው።"

አዴ ዙሀራ መጥረጊያቸውን ይዘው ትክ ብለው አዩት። ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ቤት ገብተው በርጩማ ይዘው ወጡ።

"ታኢ" አሉት። "ቁጭ በል እንጂ! ታማሚ ቆሞ ይጠየቃል እንዴ?"

ለይኩን ዕድሜውን ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ ተቀመጥ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ቁጭ አለ።

"እህ፣ ልጄ" አሉት አጠገቡ ቁጢጥ ብለው፣ "እግርህ እንዴት አደረ?"